የሶርካ ነው

አጎቴ ማኑስ ጊልዲ፣ የዶኔጋል ሰው፣ የጠረፍ፣
ቅጽ ሲሞላ፣ "ሙያ" ከሚል ቦታ ሲደርስ ይፈራል መጻፍ፤
አንዴ "ቆፋሪ" ይላል፣ አንዴ "ድንጋይ ጠራቢ"፣
አንዴ ሰረዝ ያሰምራል፣ እንዳሻው ይገምት አንባቢ።

ቫዮሊኑን አባቱ ነው ከዘይት ጣሳ ቀጥቅጦ
የሠራለት፤ እንጨት ውድ ነው፣ ጣሳ ግን ሞልቷል ተገልብጦ።
ድምፁ ቀጠን ይላል፣ ጉንፋን እንዳፈነው ሰው፣
ግን ዝናብ አያበላሸው።
እዚያ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ዜማውን ሶርካ ሰጠችው፣ የወደቡ መረብ ጠጋኝ፤
መርፌውን በጥርሷ ይዛ፣ በአፍንጫዋ እያዜመች፣ "ዝም ብለህ ስማኝ"
ትለው ነበር። ኖታ አታውቅም፤ ያወቀም የለም በመንደሩ፤
ዜማ የሚገባው በጆሮ ነው፣ የሚቀመጠው ከጣት ሥሩ።
ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ ሁሉም ሽቅብ ሲጠብቅ፣
እሷ ትወርዳለች፤ እንደ ዓሣ አዳኝ ወፍ፣ ከማዕበሉ ሥር ጥልቅ።

በአሥራ ሰባቱ ለድንች ለቀማ ስኮትላንድ ተሰደደ፤
በሃያ ሁለቱ፣ ለመብራት ኃይል፣ ተራራ በድማሚት ናደ።
ቅዳሜ ማታ እጁን በነጭ ጋዝ አጥቦ
ሰፈሩን ያስጨፍራል፣ በቦት ጫማው ሳንቃውን ደብድቦ።
ክፍያው ቢራ ነው። አንዳንዴ እራት። አንዳንዴ ቡጢ።

ለንደን ሲገባ አንድ ባለ ክራባት
"ሸክላ እናስቀርጽህ" አለው፣ "አምስት ፓውንድ፣ ከነራት።"
ክፍሉ ምንጣፍ ለብሷል፤ ጨፋሪ የለ፣ ኮቴ የለ፤
ቀይ አምፖል አፈጠጠችበት፤ ማኑስም "በስመአብ" አለ።
ሁለተኛው ክፍል ላይ ጣቱ አዳለጠች፤
መውረድ የነበረባት ኖታ ሽቅብ ወጣች።
"ልድገመው" አለ። "ሰም ውድ ነው" አሉት፣ "ደግሞስ ማን ያውቃል?"
ከወር በኋላ የሸክላው ወረቀት "የማኑስ ጊልዲ ሪል" ይላል።

ሸክላው ባሕር ተሻግሮ መንደራችን ገባ፤
ሶርካ መረቧን አስቀምጣ ሰማችው፣ ጆሮዋን ወደ መለከቱ አቅርባ።
"ጥሩ ነው" አለች። "የማን ነው?"
ይህን በደብዳቤ የጻፈችለት እናቱ ናት። ማኑስ ያን ሌሊት
ኪልበርን አዳራሽ ሲጫወት አደረ፣ ሦስት መቶ ጥንዶች ሲሽከረከሩለት።

ከዚያ ወዲህ፣ በየመድረኩ፣ ደጋኑን ከማንሣቱ በፊት፣
"የሶርካ ነው" ይላል። ሰዉ የድሮ ፍቅረኛው መስሎት
ያጨበጭባል።

የኤሌክትሪክ ጊታር መጣ፤ አዳራሾቹ ተዘጉ፤
አካፋው ግን አልተቀየመውም፤ ተመለሰ ወደ ወጉ።
ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ ፌስቲቫሎች አስታወሱት፣
በሬዲዮ "ታላቁ" አሉት።
እኔ ሾፌሩ ነበርኩ። በየጉድባው ስንናጥ
ቆርቆሮው ከኋላ ወንበር ይንኳኳል፤ እሱ ያንቀላፋል፣ አፉን ከፍቶ፣ ሳይደነግጥ።

ከኬሪ አንዲት ልጅ መጣች፣ ሙርን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፤
ሪሉን ተጫወተችው፣ ስህተቱን ሳትቀር ለቅማ፤ አቤት ጣቷ፣ አቤት ጥራቷ።
ቆርቆሮውን አነሣ። ከቦታዋ ሲደርስ፣ እንደ ሶርካ፣ ወረደ።
ልጅቷ በትሕትና፦ "ይቅርታ፣ እዚህች ጋ የተሳሳቱ መሰለኝ።"
ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ውሃ አመጣሁ፤ ዓይኑን ሲጠርግ እንዳላየ ሆንኩኝ።
ሦስት ቀን አስተማራት። አራተኛውን ቀን አልተነሣም።

በቀበርነው ዕለት ነፋሱ ጃንጥላ ገለበጠ፤
አሥራ አንድ የእንጨት ቫዮሊን በካፊያ ርሶ አበጠ፤
አሥራ ሁለተኛው ቆርቆሮው ነበር፣ በሙርን አገጭ ሥር።
ሪሉ ተነሣ። ሁለተኛው ክፍል። አሥራ አንዱ ሽቅብ፣ እሷ ቁልቁል፤
ጠባብ መንገድ ላይ ወጪና ወራጅ "እለፍ፣ እለፍ" እንደሚባባል፣
ለአንዲት ቅጽበት ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው
አለፉ።

ቄሱ ቀና ብለው አዩ፣
ማን እንደተሳሳተ ሊለዩ።